የጉበት ካንሰር ለምን በወንድ ይበረታል? የላቦራቶሪ አይጦች ምን ይመሰክራሉ?

በጉበት ካንሰር ከሚያዙ ሰዎች መካከል ወንዶቹ ከሴቶቹ በሁለትና በሦስት እጥፍ ይበልጣሉ። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ግምት እንደሚያመለክተው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በመላው ዓለም 866 ሺሕ ያህል ሰዎች በበሽታው የተያዙ ሲሆን፣ 758 ሺሕ ያህል ሰዎች ደግሞ በዚሁ ሳቢያ ሕይወታቸውን አጥተዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሽታው ያለባቸው አገሮች ሀብታምም ይሁኑ ድኃ፣ ምክንያቱ ቫይረስም ይሁን መጠጥ፣ የወንዶቹ ብልጫ ከሞላ ጎደል በየቦታው ይታያል።

ለዚህ ልዩነት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ወንድ ይጠጣል፣ ያጨሳል፣ ሐኪም ቤትም ዘግይቶ ነው የሚሄደው» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ግን አይበቃም። ምክንያቱም የላቦራቶሪ አይጥ ጠጅ ቤት አይገባም፣ ሲጋራም አይለኩስም። ወንዱም ሴቷም በአንድ ዓይነት ሳጥን ውስጥ፣ አንድ ዓይነት መኖ እየበሉና መብራቱ በሰዓት እየበራና እየጠፋላቸው ያድጋሉ። ይህም ሆኖ ጉበታቸው ላይ ካንሰር በሚነሳበት ጊዜ ቀድሞ የሚታመመውም፣ በብዛት የሚታመመውም ወንዱ ነው።

በሙያዬ የጉበት ናሙና በማይክሮስኮፕ እመለከታለሁ። ሥራዬን የሚያውቁ ሰዎች ስለዚህ በሽታ ሲያነሱብኝ ጨዋታው ወዲያው ወደ ሁለት ጥያቄዎች ያመራል። ሴቶቹ «የእርግዝና መከላከያው እንክብልስ?» ይሉኛል። ከወጣት ወንዶች መካከል ጂም የሚመላለሱት ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ጡንቻ ማሳደጊያው መርፌ ይጠይቃሉ። ሁለቱም ጥያቄ የፆታ ሆርሞን ጥያቄ ነው። ስለሆሞንም ለሁለቱም የሚሆን መልስ ለማግኘት በመጀመሪያ አይጦቹ ዘንድ ሄዶ መመለስ ያስፈልጋል።

አሥራ አምስተኛው ቀን

ዳይኢታይልናይትሮሳሚን የሚባል ኬሚካል አለ። ረጅም ስሙን ለማሳጠር ተመራማሪዎች «ዴን» ይሉታል። በሲጋራ ጭስና በአንዳንድ በጨው በታሸጉ ሥጋዎች ውስጥ ከሚገኙት ናይትሮሳሚኖች ወገን ነው። ዴን ራሱ እንዳለ ብዙ ጉዳት አያደርስም። ጉበት ውስጥ የሚገኙ ኢንዛይሞች ሲቀይሩት ግን የሕዋሱን ዲኤንኤ የሚለጥፍና የሚያበላሽ ነገር ይወጣዋል። መርዝ እንዲያስወግድ የተፈጠረው አካል በዚህ ቦታ መርዙን በገዛ እጁ ይሠራዋል ማለት ነው።

በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ስታን ቬሴሊኖቪች በስፋት ያስተዋወቁት ዘዴ እንዲህ ነው። የአሥራ አምስት ቀን የአይጥ ግልገል አንድ ጊዜ ብቻ ዴን ይወጋል። ዛሬ በብዙ ላቦራቶሪዎች የተለመደው መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት 25 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም። ከስምንት እስከ አሥር ወር ባለው ጊዜ ጉበቱ ሲታይ፣ ከወንዶቹ መቶ በመቶ ሊባል በሚችል ደረጃ ካንሰር ይገኝባቸዋል። ከሴቶቹ ግን ካንሰር የሚይዛቸው ከአሥር እስከ ሠላሳ በመቶ የሚሆኑት ብቻ ናቸው።

አሥራ አምስተኛው ቀን የተመረጠው ያለ ነገር አይደለም። በዚያ ዕድሜ የአይጡ ጉበት ገና እያደገ ስለሆነ ሕዋሳቱ ያለማቋረጥ ይከፋፈላሉ። የተበላሸው ዲኤንኤ ሳይጠገን ሕዋሱ ሲከፈል ስሕተቱ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። ለእኔ ግን ከዚህ ሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ሌላ ነገር ነው። በአሥራ አምስተኛው ቀን ወንዱም ሴቷም ገና ሕፃናት ናቸው፤ ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን የሚደርሱት ከሳምንታት በኋላ ነው። ስለዚህ መርዙ ሲገባ የሁለቱ ጉበት የሚያገኘው ጉዳት ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ሆርሞኖቹ መፍሰስ ከጀመሩ በኋላ፣ የተበላሹት ሕዋሳት በሚያድጉበት ረጅም ጊዜ ነው። ለገበሬ ልጅ ብነግረው፣ ዘሩ በሁለቱም ማሳ እኩል ተዘርቷል፣ ዝናቡ ግን የጣለው በአንዱ ላይ ነው እለው ነበር።

ነገሩ የዴን ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል ሌላም ልጨምር። ሲ3ኤች የሚባለው የአይጥ ዝርያ ምንም ኬሚካል ሳይሰጠው በስተርጅና የጉበት ዕጢ ያወጣል፤ እዚያም የሚበዛው በወንዶቹ ላይ ነው። በ1992 ደግሞ በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም በፍሬድሪክ፣ ሜሪላንድ ባለው ማዕከል አንድ ያልታሰበ ነገር ተከሰተ። ለሌላ ሙከራ ማነፃፀሪያ እንዲሆኑ ምንም ሳይሰጣቸው የተቀመጡ አይጦች ጉበታቸው እየተቆጣ በኋላም ካንሰር ሲያወጣ ተገኘ። ምርመራው እስከዚያ ጊዜ ወደማይታወቅ ባክቴሪያ አመራ፤ ሄሊኮባክተር ሄፓቲከስ የሚል ስም ተሰጠው። በሰው ጨጓራ ውስጥ ለሚኖረውና የከተማ ሰው ሁሉ «ጨጓራ ባክቴሪያ» እያለ ለሚያማርረው ሄሊኮባክተር የቅርብ ዘመድ ነው። ይህም ባክቴሪያ በጉበት ላይ ክንዱን ያበረታው በወንዶቹ አይጦች ላይ ነበር። ኬሚካልም ሆነ ባክቴሪያ፣ ወይም እርጅና፣ ውጤቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ያደላል።

ማኮላሸትና ማስመለስ

ሆርሞን መሆን አለመሆኑን ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው ዘዴ የረቀቀ አልነበረም። ሙክት የሚያደልብ የአገራችን ገበሬ ሲሠራበት የኖረው ነገር ነው፦ ማኮላሸት። ካለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ የተደረጉ ሙከራዎች ተደጋጋሚ ውጤት አሳይተዋል። የዘር ፍሬው የወጣለት ወንድ አይጥ የጉበት ዕጢው በእጅጉ ይቀንስለታል። የተኮላሸው አይጥ ቴስቶስቴሮን በመርፌ ወይም ቆዳ ሥር በሚቀበር እንክብል ሲሰጠው ዕጢው ይመለሳል። ለሴቷ ቴስቶስቴሮን ሲሰጣት ወደ ወንዱ ትጠጋለች።

በሌላ በኩል እንቁላል አመንጪው እጢዋ፣ ማለትም ኦቫሪዋ፣ የወጣባት ሴት አይጥ የዕጢዋ ቁጥር ይጨምራል። ይሁንና የወንዱን ያህል አይደርስም። ይህች ትንሽ ዝርዝር ትልቅ ነገር ትናገራለች። ሴቷን የሚጠብቃት የቴስቶስቴሮን ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ኦቫሪዋን ማውጣት ለውጥ ባላመጣ ነበር። ወንዱን የሚያጠቃው የኢስትሮጂን ማነስ ብቻ ቢሆን ደግሞ ማኮላሸቱ ባልጠቀመው ነበር። ስለዚህ በሥራ ላይ ያሉት ሁለት ኃይሎች ናቸው፤ አንዱ ይገፋል፣ ሌላው ይይዛል።

በዚህ ላይ የዘር ጉዳይ ይጨመራል። ሲ57ቢአር የሚባለው ዝርያ ሴቶቹም ሳይቀሩ በቀላሉ በጉበት ካንሰር ይያዛሉ። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የማክአርድል የካንሰር ምርምር ላቦራቶሪ ባልደረባ የነበሩት ኖርማን ድሪንክዋተርና ባልደረባቸው በ1996 እንዳሳዩት፣ በዚህ ዝርያ ውስጥ የኦቫሪ ሆርሞኖች የሚሰጡትን ጥበቃ የሚያፈርሱ ሁለት የጂን ሥፍራዎች አሉ። ሆርሞኑ አለ፣ ግን ሰሚ የለውም። «ሴት ስለሆነች አይነካትም» የሚለው አባባል በአይጥም ዘንድ ሁልጊዜ አይሠራም ማለት ነው።

ሆርሞኑ ማን ጆሮ ውስጥ ነው የሚናገረው?

ሆርሞን በደም ውስጥ የሚዞር መልእክተኛ ነው። መልእክቱ የሚደርሰው ተቀባይ ያለው ሕዋስ ጋ ብቻ ነው። እንግዲህ ቀጣዩ ጥያቄ፣ ቴስቶስቴሮን በቀጥታ ለታመመው የጉበት ሕዋስ «እደግ» እያለው ነው ወይስ በሌላ በኩል ዞሮ ነው የሚል ነበር።

ክሪስቶፈር ኬምፕ፣ ድሪንክዋተርና ባልደረባቸው በ1989 ያወጡት ሥራ እስካሁን ከማደንቃቸው ሙከራዎች አንዱ ነው። የወንዴ ሆርሞን ተቀባዩ በተፈጥሮ የተበላሸባቸው አይጦች አሉ። በክሮሞዞማቸው ወንድ ናቸው፣ ግን ሰውነታቸው ቴስቶስቴሮንን ስለማይሰማ መልካቸው ሴት ይመስላል። እነዚህ አይጦች ዴን ሲወጉ እንደ መደበኛ ወንድ አልታመሙም። ይህ የሚጠበቅ ነበር። ብልሃቱ ያለው በሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው። የተቀባዩ ጂን የሚገኘው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ሲሆን፣ ሴት ካሏት ሁለት ኤክሶች በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱ ኤክሷ ጤነኛ፣ ሌላው የተበላሸ ተቀባይ የያዘ ሴት አይጥ ጉበቷ እንደ ጉራማይሌ ጨርቅ ይሆናል፤ ግማሹ ሕዋስ ቴስቶስቴሮን ይሰማል፣ ግማሹ አይሰማም። ለእነዚህ ሴቶች ቴስቶስቴሮን ተሰጣቸው። ዕጢው ከሚሰሙት ሕዋሳት ብቻ ቢነሳ ኖሮ ሆርሞኑ በቀጥታ ይሠራል ይባል ነበር። የሆነው ግን ዕጢዎቹ ከሁለቱም ዓይነት ሕዋሳት መነሳታቸው ነው። ደንቆሮው ሕዋስም ከሚሰማው እኩል ካንሰር ሆነ። በመሆኑም ቴስቶስቴሮን ቢያንስ በከፊል የሚሠራው ዙሪያውን ዞሮ፣ በሌላ መልእክተኛ በኩል ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ተደረሰ።

በ2008 ደግሞ በሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ የቻንግ ቻውንሻንግ ቡድን የወንዴ ሆርሞን ተቀባዩን ከጉበት ሕዋስ ብቻ የሰረዙ አይጦችን ሠርቶ፣ ካንሰሩ ዘግይቶና በቁጥር ቀንሶ እንደሚነሳ አሳየ። ይኸኛው የጉበቱ የራሱ ተቀባይም ድርሻ አለው ይላል። ሁለቱን ውጤቶች ለማስታረቅ ብዙ ተጽፏል። እኔ ሁለቱም ልክ ናቸው ብል አላፍርም፤ ዙሪያ ጥምጥሙም መንገድ ነው፣ ቀጥተኛውም መንገድ ነው።

እሳት ጫሪው ሕዋስ

ዙሪያ ጥምጥም ከሆነ ታዲያ መልእክተኛው ማን ነው? ጉበት ውስጥ ኩፕፈር የሚባሉ ሕዋሳት አሉ። የሰውነት ዘበኞች ናቸው፤ ከአንጀት በደም የሚመጣውን ባክቴሪያና ቆሻሻ ይውጣሉ። የጉበት ሕዋስ ሲሞት ሽታው ይደርሳቸውና ይቆጣሉ፣ ኢንተርሉኪን 6 የሚባለውን ፕሮቲንም ይለቃሉ። ይህ ፕሮቲን በአንድ በኩል ጉበቱ እንዲያገግም ያግዛል። በሌላ በኩል ግን የተበላሹትም ሕዋሳት አብረው እንዲከፋፈሉ ይገፋል።

በሳን ዲዬጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የማይክል ካሪን ቡድን፣ ዊልስኮት ናውግለር በመሩት ሥራ፣ በ2007 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ያወጣው ጥናት ታሪኩን ቀየረው። ዴን ሲሰጣቸው የወንዶቹ ደም ውስጥ ኢንተርሉኪን 6 ከሴቶቹ በእጅጉ በልጦ ተገኘ። ይህን ፕሮቲን መሥራት የማይችሉ አይጦች ሲሞከሩ፣ በወንድና በሴት መካከል የነበረው የካንሰር ልዩነት ጠፋ፤ ወንዶቹ ወደ ሴቶቹ ደረጃ ወረዱ። ለኩፕፈር ሕዋሳት የአደጋ ጥሪውን የሚያስተላልፈው ማይዲ88 የተባለ ፕሮቲን ሲወገድም ወንዶቹ ተጠበቁ። ቀጥሎ ተመራማሪዎቹ ኩፕፈር ሕዋሳትን ለብቻ አውጥተው ከሞቱ የጉበት ሕዋሳት ጋር አገናኟቸው። ኢስትሮጂን ሲጨመርበት የኢንተርሉኪን 6 ልቀት ቀነሰ። ለወንዶቹ አይጦች ኢስትሮጂን ሲሰጥም በደማቸው ያለው መጠን ወረደ።

ይህ ጥናት የጉበት ካንሰርን የፆታ ልዩነት ከዘር ፍሬና ከኦቫሪ አውጥቶ ወደ ሰውነት መቆጣት፣ ማለትም ወደ ብግነት መስክ አመጣው። ከዚያ በፊት ሆርሞንና ብግነትን የሚያጠኑ ሰዎች ብዙም የሚነጋገሩ አልነበሩም።

ከአንጎል ሥር የሚመጣው ምት

ሌላም ዙሪያ ጥምጥም አለ። ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ እጢ የዕድገት ሆርሞን ታመነጫለች። ወንድ አይጠ መጎጥ ላይ ይህ ሆርሞን እንደ ከበሮ ምት በየሦስት ሰዓቱ ገደማ ብቅ ይልና በመሐሉ ይጠፋል። ሴቷ ላይ ግን ሳይቋረጥ ይፈስሳል። የጉበት ጂኖች ይህን ምት እያዳመጡ ነው «ወንድ» ወይም «ሴት» የሚሆኑት፤ መድኃኒት የሚያብላሉት ኢንዛይሞች ሳይቀሩ በዚሁ ይለያያሉ። ምቱን የሚወስነው ደግሞ በተወለዱ ሰሞን አንጎልን የጎበኘው ቴስቶስቴሮን ነው።

በ2001 የድሪንክዋተር ቡድን የዕድገት ሆርሞን እጥረት ያለባቸውን «ሊትል» የሚባሉ ድንክ አይጦች ዴን ወግቶ ተከታተለ። ካንሰሩ በጣም ቀነሰ፤ የወንድና የሴት ልዩነትም፣ የዝርያ ልዩነትም ደበዘዘ። የፆታ ሆርሞኖቹ ሥራቸውን ለመሥራት የዕድገት ሆርሞን ያስፈልጋቸዋል ማለት ነው።

በ2012 በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የክላውስ ኬስትነር ቡድን «ሴል» መጽሔት ላይ ያወጣው ደግሞ ሙከራ ሳይሆን ተረት ይመስላል። ፎክሳ 1 እና ፎክሳ 2 የሚባሉ ፕሮቲኖች የተጠቀለለውን ዲኤንኤ ከፍተው ለሆርሞን ተቀባዮች በር ይከፍታሉ። ለወንዴውም ለሴቴውም ሆርሞን በር ከፋቾቹ እነሱ ናቸው። ሁለቱ ፕሮቲኖች ከጉበት ሲሰረዙ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ፤ ዴን የተሰጣቸው ሴቶች በብዛት ታመሙ፣ ወንዶቹ ተጠበቁ። ኢስትሮጂን የሚጠብቅበት በር ተዘጋ፣ ቴስቶስቴሮን የሚገፋበትም በር ተዘጋ። ይህንኑ ተከትሎ በሰው ጉበት ላይ ሲታይ፣ ፎክሳ 2 በሚቀመጥበት ቦታ የሚገኙ አንዳንድ ጥቃቅን የዲኤንኤ ልዩነቶች በሴቶች ላይ ከጉበት ካንሰር ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል።

ዝርዝሩ በዚህ አላበቃም። በ2014 ፕሮላክቲን፣ ማለትም ጡት ወተት እንዲያመነጭ የሚያደርገው ሆርሞን፣ የአይጥን ጉበት ከካንሰር እንደሚከላከል ታየ። በ2019 ደግሞ በማድሪድ የጓዳሉፔ ሳቢዮ ቡድን፣ ቴስቶስቴሮን ከስብ ሕዋስ የሚወጣውን አዲፖኔክቲን የተባለ ሆርሞን እንደሚያሳንስና ይህም የወንዶቹን ጉበት ያለ ጠባቂ እንደሚያስቀር አሳየ። እንግዲህ ዘበኛው፣ አንጎሉ፣ ስቡ፣ ሁሉም በዚህ ጉዳይ እጁ አለበት።

ኢስትሮጂን ሁልጊዜ ጠባቂ አይደለም

እስካሁን ያነበበ ሰው «ኢስትሮጂን መድኃኒት ነው» ብሎ እንዳይነሳ እፈራለሁ። ከአይጥ ወደ አይጠ መጎጥ ስንሻገር ነገሩ ይለወጣል። በ1980 የያገር ቡድን እንዳሳየው፣ በእርግዝና መከላከያ እንክብል ውስጥ የሚገኙት ሰው ሠራሽ ኢስትሮጂኖች በሴት አይጠ መጎጦች ላይ፣ ቀደም ብሎ በዴን የተጀመረውን የካንሰር ሒደት ያፋጥናሉ። ለጡት ካንሰር ሕክምና የሚሰጠው ታሞክሲፈን በአይጠ መጎጥ ጉበት ላይ ካንሰር ያመጣል፤ በአይጥ ላይ ግን አያመጣም። ሁለቱ እንስሳት ለእኛ ዓይን በመጠን ብቻ የሚለያዩ ይመስላሉ። ለጉበታቸው ግን የተለያዩ ዓለማት ናቸው። አንድ መድኃኒት በአንዱ እንስሳ ላይ ብቻ ተሞክሮ «ደህና ነው» ወይም «አደገኛ ነው» የሚል ዜና ስሰማ፣ ከእንስሳው ስም በፊት ስለ መጠኑና ስለ ፆታው የምጠይቀው ለዚህ ነው።

ቫይረሱና ቴስቶስቴሮኑ

በአገራችን የጉበት ካንሰር ሲነሳ ሄፓታይተስ ቢ ቀድሞ ይነሳል። ሕዝቡ ዓይንን የሚያቢጭ በሽታ ሁሉ «የወፍ በሽታ» ስለሚለው፣ ይህ ቫይረስ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ እንደሚኖር ብዙ ሰው አያውቅም። ስለ ቫይረሱና ስለ ሆርሞን ግንኙነት ብዙውን የነገሩን የታይዋን ተመራማሪዎች ናቸው። የቫይረሱ ዲኤንኤ ውስጥ የወንዴ ሆርሞን ተቀባይ የሚቀመጥበት ቦታ አለ። ቴስቶስቴሮን ሲኖር ተቀባዩ እዚያ ይቀመጥና ቫይረሱ በብዛት እንዲባዛ ያደርጋል። ኤክስ የሚባለው የቫይረሱ ፕሮቲን በበኩሉ የተቀባዩን ጉልበት ይጨምራል። እርስ በርስ የሚደጋገፉ ባልንጀሮች ሆኑ ማለት ነው። የኢስትሮጂን ተቀባይ ግን ቫይረሱን የሚያነቃቃ አንድ ፕሮቲን ይዞ ያስቀራል። ይህ የሕዋስና የአይጥ ሙከራ ውጤት በሰውም ላይ የሚታየውን፣ ማለትም ቫይረሱ ያለባቸው ወንዶች በደማቸው የሚገኘው የቫይረስ መጠን ከሴቶች ከፍ የማለቱን ነገር ያብራራል።

ኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ቢን ክትባት የያዘውን ፔንታቫለንት ለሕፃናት መስጠት የጀመረችው በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተወለደው ትውልድ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ጎልማሳ ነው። በዚህ ላይ በሻጋታ የሚመጣው አፍላቶክሲን አለ። በ2016 በታተመ ጥናት ከአዲስ አበባና አካባቢዋ የተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች በሙሉ አፍላቶክሲን ኤም1 ተገኝቶባቸዋል፤ ዋናው ተጠርጣሪም ለላሞች የሚሰጠው የኑግ ፋጉሎ ነበር። በአይጠ መጎጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች በአፍላቶክሲን ይበልጥ የሚጠቁት፣ አሁንም፣ ወንዶቹ ናቸው።

ታዲያ ለምን መድኃኒት አልሆነም?

የአይጡ ታሪክ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ቴስቶስቴሮንን የሚያግድ መድኃኒት ለሕሙማን መስጠት ነበረብን። ተሞክሯል። በ1990ዎቹ በአውሮፓ ፀረ ወንዴ ሆርሞን መድኃኒቶች የተስፋፋ የጉበት ካንሰር ላለባቸው ሰዎች ተሰጥተው ዕድሜ አላራዘሙም። ታሞክሲፈንም በጣሊያን 496 ሕሙማንን ባካተተና በ1998 በታተመ ጥናት ምንም አልጠቀመም፤ ከዚያ በኋላ በእስያና ፓስፊክ አገሮች በከፍተኛ መጠን ሲሞከር እንዲያውም ጉዳቱ አመዘነ። ለፕሮስቴት ካንሰር የሚሰጠው ኤንዛሉታማይድም በቅርብ ዓመታት ተሞክሮ የተለየ ነገር አላሳየም።

ለእኔ ምክንያቱ ጊዜ ነው። አይጦቹ ላይ ሆርሞኑ የተነሳው ዕጢው ገና በጥቂት ሕዋሳት ደረጃ ላይ እያለ ነው። ሕሙማኑ ግን መድኃኒቱን ያገኙት ዕጢው ካደገ፣ ጉበቱም ከጠነከረና ከጠባሰ በኋላ ነው። እሳቱ ቤቱን ከበላ በኋላ ክብሪቱን መደበቅ ምን ይረባል? ከዚህም በላይ የሮቼስተሩ ቡድን ራሱ በ2012 እንዳሳየው፣ ካንሰሩን ለመጀመር የሚረዳው ያው የወንዴ ሆርሞን ተቀባይ፣ ካንሰሩ ከተነሳ በኋላ ወደ ሌላ አካል እንዳይሰራጭ ያግዳል። ያው ፕሮቲን መጀመሪያ ላይ ጠላት፣ መጨረሻ ላይ ወዳጅ ከሆነ፣ በአንድ እንክብል ማገዱ ሁለቱንም ያጠፋል።

ስለ እንክብሉና ስለ መርፌው

አሁን ወደ ሁለቱ ጥያቄዎች ልመለስ። በ1973 «ላንሴት» የተባለው የሕክምና መጽሔት የእርግዝና መከላከያ እንክብል የሚወስዱ ሰባት ሴቶች ጉበታቸው ላይ አዴኖማ የሚባል፣ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ እንደተገኘ ዘገበ። ከዚያ ወዲህ በረጅም ጊዜ ተጠቃሚዎች ላይ ግንኙነቱ ተረጋግጧል። የዚያን ዘመን እንክብሎች የያዙት የኢስትሮጂን መጠን ከዛሬዎቹ በጣም ከፍ ያለ ነበር። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ኢስትሮጂንና ፕሮጀስቲን በአንድነት የያዙ እንክብሎችን፣ ጉበትን ጨምሮ የአንዳንድ ካንሰሮችን ዕድል እንደሚጨምሩ መድቧቸዋል፤ የማህፀን ግድግዳና የኦቫሪ ካንሰርን ዕድል ደግሞ ይቀንሳሉ። በወጣት ሴት ላይ አዴኖማ እጅግ ብርቅ ነገር ነው። እንክብል የምትወስድ ጤነኛ ሴት በዚህ ፍርሃት ታቁም አልልም። ጉበቷ ላይ ዕጢ እንዳለ በአልትራሳውንድ የተነገራት ሴት ግን እንክብሉን ስለመቀየር ሐኪሟን ማነጋገር አለባት።

በተፈጥሮ ኢስትሮጂን ረገድ ግን የሰውም መረጃ ወደ አይጧ ያዘነብላል። በአሜሪካ በርካታ የክትትል ጥናቶችን አጣምሮ በ2015 የታተመ ሥራ፣ ሁለቱም ኦቫሪያቸው በቀዶ ሕክምና የወጣባቸው ሴቶች ለጉበት ካንሰር ያላቸው ዕድል ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ አግኝቶታል።

ወደ መርፌው ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ጡንቻ ለማሳደግ የሚወሰዱት አናቦሊክ ስቴሮይዶች የቴስቶስቴሮን ልጆች ናቸው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለከባድ የደም ማነስ ሕመም ኦክሲሜቶሎን የተባለውን ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የወሰዱ ሕሙማን ጉበታቸው ላይ ዕጢ ሲያወጡ ታየ። የካንሰር ምርምር ኤጀንሲው በ1987 እነዚህን መድኃኒቶች «በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጡ የሚችሉ መሆናቸው የሚገመት» በሚለው ምድብ ውስጥ አስገብቷቸዋል። የባሱት በእንክብል የሚዋጡትና ጉበት በቶሎ እንዳያፈርሳቸው ተደርገው የተሠሩት ናቸው። ጂም ውስጥ በጓደኛ ምክር የሚወሰደው መጠን ደግሞ ሐኪም ከሚያዘው ብዙ እጥፍ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ሄፓታይተስ ቢ ይኑርበት አይኑርበት ሳይመረመር የሚጀምረውም ብዙ ነው። መድኃኒቱን ሲያቆሙ ዕጢው የሟሸሸላቸው ወጣቶች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። ዕጢው ሆዳቸው ውስጥ ፈንድቶ በደም መፍሰስ ድንገተኛ ክፍል የደረሱም አሉ።